የእማዬ የማጠቢያ ድንጋይ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ከባሕር ዳር የተነሳሁት አንድ ድንጋይ ለማየት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጡት ሰውዬ ይህንኑ ስነግራቸው፣ ደህና መሆኔን ለማጣራት ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። ነገሩ ግን እውነት ነው። እናቴ የምትኖረው ደብረ ታቦር ነው። ከፋሲካ ወዲህ ስልክ በደወልኩ ቁጥር የምትለኝ አንድ ነገር ሆኗል፤ "ወንዙ ዳር መንገድ ተነጥፏል፣ መናፈሻም ተሠርቷል አሉ። ነይና ድንጋዬን አሳይኝ።" "ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ወደ ወንዙ ወርጄ አላውቅም" ትለኛለች። እኔም "በሚቀጥለው ሳምንት" እያልኩ ክረምቱን አሳለፍኩት። ባለፈው ረቡዕ ግን "እንግዲህ ለቀብሬ ትመጫለሽ" አለችኝና ቆረጥኩ።

ሐሙሲትን ገበያ የሌለበት ቀን ስለሆነ ሳንቆም አለፍናት። የፎገራ ሩዝ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ወረታ ላይ አንድ ጆንያ ሽንኩርት እግሬ ሥር ተጫነ። ረዳቱ "ትንሽ እኮ ነው፣ እግርሽን አጠፍ አድርጊው" አለኝ፤ እስከ ደብረ ታቦር አጥፌ ሄድኩ። አመድ በር ስንደርስ ሁሉም ሰው መስኮቱን መዝጋት ጀመረ። ያ ብርድ ፊቴን ሲነካኝና ጉና ከሩቅ ብቅ ሲል ሆዴ ባባ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ዕድሜዬ ሠላሳ ሆነ እንጂ አልተወኝም።

አራት ሰዓት ተኩል

እማዬ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ሹሩባዋም አዲስ ነው።

"ድንጋይ ልናይ ነው ወይስ ሠርግ ልንሄድ?" አልኳት።

"ዝም በይ! ሰው ፊት እኮ ነው የምወጣው።"

ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። ባሕር ዳር የምገዛው ድንች እንዲህ አይፈረፈርም። ስድስት በላሁ፤ እሷ አንዱን ይዛ ስታገላብጥ ቆየች።

ዘጠኝ ሰዓት

መንገዱ እስከሚጀምርበት በባጃጅ ሄድን። እውነትም አምሮበታል። ኮብልስቶን ተነጥፎ ወንዙን ተከትሎ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በወንዙ በኩል ዝቅ ያለ ግንብ አለው፤ በየርቀቱም የድንጋይ ወንበር። ባልና ሚስት ሕፃን በጋሪ እየገፉ አለፉን። ድሮ በዚህ በኩል አህያም ይንሸራተት ነበር።

እማዬ አንደኛው ወንበር ላይ አረፍ አለች። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጠች። "ከዚህ ወዲያ ጥላ የለም" አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኳትም፤ እኔ ወንዙን እያየሁ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር።

ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ማለት ለእኔ ይህ ወንዝ ነበር። እማዬ የልብሱን እስር ታዝላለች፤ እኔ የተወቀጠውን እንዶድ በጣሳ ይዤ እከተላለሁ። ዳር ዳሩን ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ። ሁሉም ባለቤት አላቸው፤ የቤቱ በር የማን እንደሆነ እንደሚታወቅ ድንጋዩም የማን እንደሆነ ይታወቃል። የእኛ ሰፊ ነበር፤ መሃሉ የእማዬ እጅ ሲመላለስበት ጎድጉዷል። ጋቢ እየረገጥኩ እዘፍናለሁ። ከጎናችን ደግሞ የጎረቤታችን የእትዬ የሺ ድንጋይ ነበር። ከእማዬ ጋር በአንድ ቀን የተዳሩ፣ እንደ እህት የሚተያዩ ሴት ነበሩ። የሚያወሩት አያልቅም፤ እኔም ያልገባኝን ሁሉ አብሬ እስቅ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የእትዬ የሺን ድንጋይ የክረምቱ ጎርፍ ወሰደባቸው። ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ወንዙ ስንወርድ ቀድመውን በእኛ ድንጋይ ላይ ነጠላ ሲያጥቡ አገኘናቸው። "ነይ፣ ለሁለት ይበቃናል" አሉ እየሳቁ። እማዬ ያን ቀን ምን ሆና እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከአባዬ ጋር ተጣልታ ያደረች ይመስለኛል። አንድ ቃል ሳትናገር ነጩን ነጠላ ከድንጋዩ ላይ አንስታ ጭቃው ላይ ወረወረችው። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ለቅመው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። አባዬ ሲሞት እንኳን መጥተው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው አልቅሰው ሄዱ፤ እማዬም ቀና ብላ አላየቻቸውም።

አሥር ሰዓት ገደማ

ማጠቢያው ቦታ ስንደርስ ድንጋይ የሚባል የለም። ግንብ ብቻ ነው። ደነገጥኩ። ይህን ሁሉ መንገድ አስወርጄ ምን ላሳያት? መናፈሻው በር ላይ ያለውን ጥበቃ ጠየቅኩት።

"የልብስ ማጠቢያዎቹ? ተፈልጠው ግንብ ውስጥ ገቡ" አለ። "አንዱ ብቻ ተርፏል። አንዲት እናት አላስነካም ብለው ላዩ ላይ ተቀመጡበታ! ሠራተኛው መዶሻውን ይዞ ቢለምናቸው፣ 'የሰው ድንጋይ ነው፣ ባለቤቱ አልሞተችም' አሉት። በመጨረሻ ሰው ይቀመጥበት ተብሎ ወደ መናፈሻው ገባ። ያውና፣ ወይራው ሥር። እሳቸውም አሉ፤ በዚህ ሰዓት አይቀሩም።"

እትዬ የሺ ነበሩ። እማዬ ክንዴን ጨመቀችው፤ አሳመመችኝ። ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን እጄን ለቃ ብቻዋን ሄደች፤ እኔ ከኋላ ቀረሁ።

"መጣሽ?" አሏት እትዬ የሺ።

"መጣሁ።"

እትዬ የሺ ጠጋ ብለው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አጥፈው ድንጋዩ ላይ አነጠፉት። "ይቀዘቅዛል፣ ጉልበትሽን ይነካሻል። ነይ፣ ለሁለት ይበቃናል።"

እማዬ ነጠላውን ቆማ አየችው። ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ አራገፈችው፤ መልሳ ትከሻቸው ላይ አደረገችላቸው።

"ነጠላሽን ሁለተኛ አላቆሽሽም፣ የሺዬ" አለችና ባዶው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም ማልቀሴን እንዳያዩብኝ ሻይ ላምጣ ብዬ ሄድኩ። ሻዩ አሥር ብር ነው፤ ስኳሩ በዝቷል። ይዤ ስመለስ የዘንድሮ ሳሙና ልብስ ይጨርሳል እያሉ ሲያማርሩ ደረስኩ። እትዬ የሺ ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። "እንደምን ሰነበቱ እትዬ?" አልኳቸው። "ይኸው፣ ድንጋይ ስጠብቅ" አሉኝ።

እሑድ ጠዋት

እማዬ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። መኪናው እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ቆመን ስናወራ፣ "እትዬ የሺ እዚያ እንዳሉ ታውቂ ነበር እንዴ?" አልኳት።

"ከፋሲካ ጀምሮ" አለች።

"ታዲያ እኔን ለምን ጠበቅሽ? መንገዱ እንደሆነ ለጉልበትሽ ምንም አይልም።"

ነጠላዋን አስተካከለች። "ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር። ሁለተኛው ወንበር ላይ ስደርስ ፈርቼ እመለሳለሁ። ሰው ከያዘኝ አልመለስም ብዬ ነው።"

ቁልቁል ወደ ወረታ ስንወርድ ሽንኩርትም አልነበረም፤ እግሬን እንደልቤ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ቢሆንም መንገዱ አልተመቸኝም። ባሕር ዳር ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ሳስቀምጥም የማስበው ያንኑ ነበር። እናቴ የምትፈልገው ድንጋይ መስሎኝ፣ ድንጋይ ደግሞ የትም አይሄድም ብዬ ነው ቀኑን ስገፋው የከረምኩት። እኔ በስልክ "በሚቀጥለው ሳምንት" ስላት፣ እሷ የክት ቀሚሷን ለብሳ ሁለተኛው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር።