ጭድ ላይ መገለባበጥ
ዛሬ ጠዋት ደጅ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ትንሿ የልጅ ልጄ እያለቀሰች መጣች። ትምህርት ቤት ጂምናስቲክ ሲያስተምሯቸው መገለባበጡን ፈርታ ኖሮ፣ «ሁለተኛ አልሄድም!» አለችኝ። እኛ በልጅነታችን አውድማ ላይ፣ ጭዱ ውስጥ ነበር የምንገለባበጠው። አንዷ ስትገለበጥ ሌላዋ ወገቧን ትይዛታለች፤ በወደቀችው ላይ የሳቀች ተራዋን ታጣለች። የዛሬን አያድርገውና አጥንታችን እንደ ሸማ ይታጠፍ ነበር።

ለላሚቱ ያስቀመጥኩትን ጭድ አነጠፍኩ። መቀነቴን ፈትቼ ወገቧን አሰርኩና ጫፉን ይዤ፣ «አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ፣ ይዤሻለሁ» አልኳት። ተገለበጠች! ሁለተኛ ስትገለበጥ ለቅቄዋለሁ፤ እሷ አላወቀችም።

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ የጎረቤቴን ልጅ ወገብ ይዛ «አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ» ስትላት ጎረቤቴ ሰማቻትና፣ «እማማ፣ ጭድ ልጨምር? አሁን የእርስዎ ተራ ነው» አለችኝ።