የጠረጴዛው ሰሜን

ሪፖርቱ ሲመለስላት ከላይ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ተጽፎበታል። ዜሮው ብቻ ቢሆን ምናልባት ትችለው ነበር። ከሥሩ ግን አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ተጨምራለች፤ «በጥንቃቄ አልተለካም» ትላለች።

ልብስ ሰፊዋ ይህችን ዐረፍተ ነገር እዚያው የቤተ ሙከራው በር ላይ ቆማ ደጋግማ አነበበቻት። ደሟ ወደ ጭንቅላቷ ወጣ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሜትር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረች ሴት ናት። ትከሻ ለክታ፣ ወገብ ለክታ፣ የሙሽራ ቀሚስ ለክታ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋለች። እጅጌው ረዘመ፣ ወገቡ ጠበበ ብሎ ልብስ የመለሰባት ሰው በጣት ቢቆጠር ነው። «በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው» መባልን ለምዳዋለች። ቀርፋፋ መባልንም ለምዳዋለች። መለካት አትችልም መባልን ግን በሕይወቷ አልሰማችም ነበር።

ፊዚክስ ውስጥ የገባችው በስፒል ነው። ከስፌት መኪናዋ ሥር የሚበተኑትን መርፌና ስፒሎች የምትለቅመው ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት ነበር። አንድ ቀን ማግኔቱ ላይ የተንጠለጠለች ስፒል ሌላ ስፒል ስትስብ አየች፤ ሁለተኛዋ ማግኔቱን አልነካችም። ለምን? ጥያቄው አልለቅ አላት። ባሏ አላወቀላትም፣ ደንበኞቿም ሳቁ። ስለዚህ የትልቋን ልጇን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ተውሳ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ከመኪናው ጀርባ ማንበብ ጀመረች። አንዱ መጽሐፍ ሌላውን እየጠራ፣ ያቋረጠችውን ትምህርት በግል ተፈትና ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲው ለሠራተኞች የከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲከፍት ደግሞ ስሟ ተቀባይነት ካገኙት መካከል ወጣ። ያን ቀን ሱቋን ዘግታ፣ በሩ ላይ ተደግፋ፣ እግዚአብሔርን አመሰገነች። አንድ ቀን ሴት ልጆችን ፊዚክስ ማስተማር ትፈልጋለች። ከዚያ ወዲያ ምኞት የላትም።

አሁን ያ ሁሉ በዚህ ዜሮ ላይ ተንጠልጥሏል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዜሮ ያለበት ተማሪ የኤሌክትሪክና ማግኔት ትምህርቱን የማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም። ከከሰዓቱ ተማሪ አንድ ትምህርት የወደቀ ደግሞ ቦታውን ያጣል።

ሙከራው ሲያስቡት ቀላል ነው። በእንጨት ቀለበት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መሀሉ ላይ ኮምፓስ ይቀመጣል። ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሳይኖር የኮምፓሱን መርፌ የምትጎትተው ምድር ብቻ ናት። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ጥቅልሉ የራሱን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥርና መርፌውን ወደ ጎን ይስበዋል። መርፌው ሁለት ሰው ከሁለት ወገን እንደያዘው ጨርቅ ወደ በረታው አድልቶ መሀል ላይ ይቆማል። የጥቅልሉ ጉልበት ከኤሌክትሪኩ መጠንና ከሽቦው ዙር ብዛት ይሰላል። መርፌው ስንት ዲግሪ እንደዞረ ካዩ የምድርን ጉልበት ያገኙታል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ክፍል ውስጥ የሰማች ዕለት ቤቷ እስክትደርስ ፈገግ እንዳለች ነበር። ምድርን የሚያህል ነገር በአንድ ክንድ ሽቦ መለካት።

የመመሪያው ወረቀት መጀመሪያ ላይ «ጥቅልሉን ከመርፌው ጋር በአንድ መስመር አስተካክሉ» ይላል። አስተካከለች። ኤሌክትሪኩን ለቀቀች፣ አነበበች፣ አሰላች። ያገኘችው ቁጥር መጽሐፉ ላይ ካለው እጥፍ ያህል ሆነ። የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ገልብጣ ለካች። የኮምፓሱን መስታወት በጣቷ ጫፍ መታ መታ አድርጋ ለካች። እጥፍነቱ ወይ ፍንክች።

አጠገቧ የምትሠራዋ ልጅ ሁልጊዜ ስለምትቸኩል ክፍሉ «ጥድፊያ» ብሎ ሰይሟታል። ጥድፊያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ጨርሳለች።

«እትዬ፣ የመጽሐፉን ጻፊውና እንሂድ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

እውነቷን ነበር። ያለፉት ዓመታት ሪፖርቶች ከታላቅ ወደ ታናሽ እየተላለፉ እዚህ ደርሰዋል። ተማሪው ከመጽሐፉ ቁጥር ተነሥቶ ወደ ኋላ ያሰላል፤ መርፌው ስንት ዲግሪ መዞር እንደነበረበት ያገኛል፤ የተለካ እንዲመስል ለአፍ ያህል ትንሽ ስሕተት ጣል ያደርግበታል። ያቺ ትንሽ ስሕተት እንኳ ከታላላቆቹ የተወረሰች ናት። ልብስ ሰፊዋ ግን ያየችውን ጻፈች። ይኸው ዜሮዋን ተቀበለች።

ቤት ስትገባ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጫማውን እያወለቀ ነገሩን ሁሉ ሰማት።

«የእኔ አውቶቡስ ነዳጅ መለኪያ ሁልጊዜ ሙሉ ነው የሚለው» አላት። «ተጣልቼው አላውቅም። በግምቴ እየሞላሁ ሰዉን አደርሳለሁ። አንቺም ቁጥራቸውን ስጫቸውና ፈተናሽን ተፈተኚ።»

«መንገድ ላይ ቀጥ ያልክ ቀንስ?»

«ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ አልሳቀችም። «እኔ እኮ ተሳፋሪው ነኝ» አለችው። ባሏ ጫማውን አንሥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ልትጸልይ ተንበረከከች። በመጨረሻ ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ ጌታ ሆይ፣ ቁጣዬን ያዝልኝ፣ ጨርሰህ ግን አትውሰድብኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መምህሩ ቢሮ ገባች። መምህሩ ቀጭን ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለው ወረቀት ከደረቱ በላይ ደርሶ ፊቱን ጋርዶታል። በዕድሜ ስለምትበልጠው «እርስዎ» ይላታል፤ አክብሮቱ ግን ቀዝቃዛ ነው። የክፍሉ ተማሪ በሙሉ ትክክለኛውን ቁጥር አግኝቶ እርስዎ ብቻ እንዴት ይስታሉ አላት። በትክክል እንደለካች ነገረችው። ሰዓቱን አየ። ያረመው ወረቀት ካላረመው ጋር ሲተያይ ምንም እንዳልሆነ፣ የሁሉንም ቅሬታ ይስማ ቢል ዓመቱ እንደማይበቃው ነገራት።

«የምድር መግነጢስ እኮ ለእርስዎ ብሎ እጥፍ አይሆንም» አለና እስክሪብቶውን አነሣ።

ይህቺ ነገር አንጀቷ ድረስ ገባች። ድምፅዋን ግን አላነሣችም።

«መምህር፣ ዜሮውን እቀበላለሁ። በእጅዎ ለክተው የተሳሳትኩበትን ያሳዩኝና እቀበላለሁ። ሳያሳዩኝ ግን ከዚህ በር አልወጣም።»

መምህሩ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወንበሩን በእግሩ ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣና የቤተ ሙከራውን ቁልፍ መንጭቆ ይዞ ወጣ። ፊት ፊት እየሄደ ነበር፤ ጫማው ሲሚንቶው ላይ ቷ ቷ ይላል። እሷም ከኋላው የተቆጣ እርምጃዋን አላሳነሰችም።

እጁ ጥሩ ነበር፤ ይህን አልካደችውም። ሽቦዎቹን አገናኝቶ፣ ጥቅልሉን ከመርፌው ጋር አስተካክሎ ኤሌክትሪኩን ቀስ ብሎ ለቀቀ። አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ከላይ ቁልቁል አነበበ። ወረቀት ላይ አሰላ።  የኤሌክትሪክ መለኪያውን ነቅሎ በሌላ ቀየረ፤ እንደገና ለካ። ያው እጥፍ መጣ።

«ምን አድርገሽበት ነው?» አለ። «እርስዎ»ው የት እንደገባ አልታወቀም።

«እጄን ኪሴ ከትቼ ከቆምኩ ምን አደርግበታለሁ? የነካኸው አንተ ነህ።»

እሷም «አንተ» ማለቷን ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የሰማችው። ማንም ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም። መምህሩ ኤሌክትሪኩን አጠፋና ኮምፓሱ ወዴት እንደሚያመለክት ያየው ጀመር።  ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት ቀርቶ ነበር።

«ፀሐይ ጠዋት በየት በኩል ነው የምትገባው?»

«በእነዚህ መስኮቶች» አለች።

መስኮቶቹ ምሥራቅ ከሆኑ ሰሜን ጥቁር ሰሌዳው ያለበት ግድግዳ ነው። የኮምፓሱ መርፌ ግን የሚያመለክተው የበሩን ጥግ ነበር። ሁለቱም ተራ በተራ መስኮቱን፣ ሰሌዳውን፣ መርፌውን አዩ። መምህሩ ኮምፓሱን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ እንደሞላ ብርጭቆ እየተጠነቀቀ፣ ከጠረጴዛው ራቀ። እሱ ሲራመድ መርፌው ዞረ። ክፍሉ መሀል፣ ከጠረጴዛዎቹ ሁሉ ርቆ ሲቆም፣ መርፌው ጥቁር ሰሌዳውን አመለከተ።

ተመልሶ መጣና ተንበረከከ። የሚያብረቀርቀው የጠረጴዛው ፊት ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የብረት ማቀፊያ ተዘርግቷል። ቤተ ሙከራው ሲታደስ የድሮዎቹ የእንጨት ጠረጴዛዎች አስቀያሚ ናቸው ተብለው ወጥተው እነዚህ ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ እዚህ የተቀመጠ ኮምፓስ ሁሉ የሚታዘዘው ለምድር ብቻ ሳይሆን ለብረቱም ነው። ወረቀቱ ጥቅልሉን ከመርፌው ጋር አስተካክሉ ስለሚል ሁሉም አስተካከለ። መርፌው ራሱ ወዴት እንደሚያይ የጠየቀ የለም።

መምህሩ ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ ቀረ። የእሱ ንዴት ሲበርድ የእሷ ገና መንደድ ጀመረ። በየዓመቱ ይህ ክፍል በተማሪ ይሞላል። በየዓመቱ ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ይህ ጠረጴዛ ሊሰጥ የማይችለውን ትክክለኛ ቁጥር ከዚህ ጠረጴዛ አገኘሁ ብሎ ይፈርማል። ያረመውም ሰው ትክክል ብሎ ይፈርማል። ያየችውን የጻፈችው አንዲት ሴት ደግሞ በጥንቃቄ አልለካሽም ትባላለች።

መምህሩ ሱሪውን እያራገፈ ተነሣ። ቀስ ብሎ ያሰበውን መላ ነገራት። አሁኑኑ ውጭ ወጥተው በረንዳው ላይ ይለካሉ፤ ወደ መጽሐፉ የቀረበ ቁጥር ይመጣል፤ እሷ አዲስ ገጽ ትጽፋለች፤ እሱ ሙሉ ውጤት ይሰጣታል። ፈተናዋንም ትቀመጣለች። የሌሎቹ ሪፖርት ግን የክፍሉ ሁሉ ጉዳይ ነውና፣ ከተነካ አቧራው የት እንደሚደርስ አይታወቅምና፣ እንዳለ ቢቀር ይሻላል። እንደገና «እርስዎ» ብሏታል፤ አሁን ከልቡ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ፈተናውን አሰበች። ከመኪናው ጀርባ ያነበበችበትን ዘመን አሰበች። እሺ ብትል ሁሉ ነገር እዚህ ያልቃል። አፏ እሺ ሊል ምንም አልቀረውም።

«ገጹ አይቀየርም» አለች። «የጻፍኩት ቁጥር የዚህ ጠረጴዛ ቁጥር ነው፤ ትክክል ነው። የሚሰረዘው እርስዎ የጻፉት ነው።»

«እነሱስ?»

«እነሱ ይለኩ።»

መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ አወጣ። ሪፖርቷን ተቀብሎ ዜሮውን ሰረዘ፤ «በጥንቃቄ አልተለካም» የሚለውንም ሰረዘና አጠገቡ ፈረመ። እጁ ከብዶት እንደነበር አየች። አላዘነችለትም፤ ፈቀቅ ብላ ግን መንገድ ለቀቀችለት።

የክፍሉ ሪፖርት በሙሉ መሰረዙን የሚናገር ማስታወቂያ የተለጠፈ ቀን ለእሷ ቀላል አልነበረም። ሥራቸውን አስፈቅደው፣ ልጃቸውን ጎረቤት አስቀምጠው የሚማሩ ሰዎች ናቸው፤ ለሙከራው እንደገና መምጣት አለባቸው። በኮሪደሩ ስታልፍ «ሰሜን መጣች፣ ቀጥ በሉ» የሚሉ ነበሩ። ጥድፊያ ሰላምታዋን አቋረጠች። ልብስ ሰፊዋም የሚለማመጥ አንደበት አልነበራትም፤ እሷም ገና እንደተቆጣች ናት።

የድሮዎቹ የእንጨት ጠረጴዛዎች ከሕንፃው ጀርባ ካለው መጋዘን ወጥተው በብረቶቹ ቦታ ገቡ። አንዳንዱ እግሩ ተሰብሮ ጡብ ተደግፎለታል። መምህሩ በየጠረጴዛው እየዞረ መጀመሪያ ጥቁር ሰሌዳውን፣ ቀጥሎ መርፌውን እንዲያዩ ያደርግ ነበር። የመመሪያውን የመጀመሪያ መስመር በእጁ አርሞታል።

ጥድፊያ ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ጥቅልሉን አቆመች። መርፌዋ ግን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያለ ሰሌዳውን አልይዝ አለ። ደጋግማ ነቀነቀችው፤ በጥርሷ መሀል አጉረመረመች።

«ስልክሽን ከኪስሽ አውጪና እዚያ አርቀሽ አስቀምጪው» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና ሳትል። «ድምፅ ማጉያው ማግኔት አለው።»

ጥድፊያ ስልኩን መስኮቱ ጋ ወስዳ አኖረችው። መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠና ረጋ። ኤሌክትሪኩን ለቀቀች፣ አነበበች፣ አሰላች። መልሳ ለካች፣ መልሳ አሰላች።

«እትዬ፣ ከመጽሐፉ ትንሽ ያንሳል እኮ።»

«በደንብ አይተሻል?»

«ሦስቴ።»

«እሱን ጻፊዋ።»

ጥድፊያ መጽሐፉን አየችው፣ መርፌውን አየችው። ከዚያ ወረቀቱ እስኪቀደድ እየተጫነች ያየችውን ቁጥር ጻፈች።