በሩን የያዘው ብረት

ባለፈው ማክሰኞ የሞተር ጋስኬት ልገዛ ካምፓላ ቡጎሎቢ ሰፈር፣ የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ኤልያስ ሱቅ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ከነጭቃዬ ደጃፉ ላይ ጣለኝ። በሩ እንዳይዘጋ የተደገፈበትን ብረት ሳይ ቀጥ አልኩ። የደብተር ያህል የሞተር ብሎክ ስባሪ ነው፤ ጎላ ጎላ ያሉ ቁጥሮች አሉበት። የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ኤልያስና እኔ ኪቡሊ ኮረብታ ሥር፣ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ያገራችን ሰው ግቢ ውስጥ፣ የድሮ መኪና ሞተር እየፈታን እንሠራ ነበር። ኤልያስ የተማረ ነው። ብሎኩን በናፍጣ ያጥብና ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብረው የወጡትን ቁጥሮች አንብቦ የየትኛው መኪና፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ይናገራል። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የእኔ ሙያ ጆሮዬ ነበር። በትንሽ መዶሻ መታ ሳደርገው ደህናው ብሎክ እንደ ደወል ይጠራል፤ የተሰነጠቀው እንደ ነቃ ሸክላ ይታፈናል።

ደንበኛው ሁሉ ገና ከበሩ "ኤልያስ የለም?" ሲል አንጀቴ ይቃጠል ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሮሌክስ የሚሉት በቻፓቲ ቂጣ ተጠቅልሎ የሚመጣልን እንቁላል እንኳ የእሱ የበዛ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ወርቁ ከሁለታችን አንዱን አሮጌ ሞተር ከመርከብ ወደሚራገፍበት ወደ ሞምባሳ ወደብ መራጭ አድርገው ሊልኩ ነው ተባለ። በዚያው ሳምንት ኤልያስ ከቁርጥራጩ ክምር ውስጥ አንድ ብሎክ አገኘ። አንድ የማኪንድዬ ሽማግሌ ለአባታቸው አሮጌ የጭነት መኪና ስንት ጊዜ የተመላለሱበት ነው። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ሽማግሌው አጨበጨቡ። ጋሽ ወርቁ ፈገግ አሉ። ሞምባሳ ከእጄ ወጣች።

"እስቲ ምታው" አሉኝ ጋሽ ወርቁ። የእሳቸው ጆሮ በመዶሻ ብዛት ደንዝዞ ነበር።

መታሁት። ጠራ። ጎኑ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ነበረች፤ ብረቱ ቀልጦ ፎርማው ውስጥ ሲፈስ ከሁለት ወገን ተገናኝቶ በላዩ ላይ የሚተዋት ዓይነት። ምንም አትጎዳም። ጣቴን እሷ ላይ አሳረፍኩ።

"ተሰንጥቋል።"

"ኧረ ጋሽ ወርቁ፣ ከፎርማው የመጣች ናት!" አለ ኤልያስ።

"አንተ ማንበቡን አንብብ። መስማት የእሱ ነው" አሉ ጋሽ ወርቁ።

የግቢው ሕግ ነበር፤ የተሰነጠቀ ብሎክ ሌላ ሰው እንዳይታለልበት እዚያው ይሰበራል። የሚሰብረውም ስንጥቁን ያገኘው ሰው ነው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ጋሽ ወርቁ ሊሸኟቸው ተከተሉ። ትልቁን መዶሻ አነሳሁ። በአምስተኛው ምት በዚያችው መስመር በኩል ተከፈለ። የቆየ ስንጥቅ ዘይትና ዝገት ጠጥቶ ውስጡ ይጠቁራል። ይኼኛው ግራጫ ነበር፤ ንጹሕ፣ የሚያብለጨልጭ።

ኤልያስ ቁጥሩ ያለበትን ስባሪ አንስቶ አገላበጠው።

"ስንጥቁ የታለ፣ ሙላቱ?"

"ሂድ ንገራቸው!"

"ብነግራቸው ዛሬውኑ ያባርሩሃል። የት ትገባለህ?"

በጆንያ ጠቅልሎ ወሰደው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሞምባሳ ሄድኩ። ጆሮዬ ደህና ደህናውን መረጠ፤ ቁጥር ስለማላነብ ግን ግማሹ ካምፓላ ላሉት መኪኖች የማይገጥም ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ አልተላክሁም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያውም በእልህ።

ማክሰኞ ዕለት ስባሪውን አነሳሁና ቁጥሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጠርዙን በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ በቤት ቁልፌ መታ አደረግሁት።

"ጠራ?" አለ ኤልያስ ከውስጥ፣ ከሥራው ቀና ሳይል።

"ጠራ" አልኩት።

ጋስኬቱን ሰጠኝ።

በሱቁ አልቀናም ብል ውሸት ነው። እቀናለሁ። የባሰ የምቀናው ግን ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ በር ሲወጣ ሲገባ እያየው ለማንም ባለመናገሩ ነው። እኔ ብሆን በማግስቱ ካምፓላ በሙሉ ይሰማው ነበር። ስወጣ ብረቱን ቦታው መለስኩት፤ ቁጥሩን ወደ ግድግዳው አዙሬ።