ድንጋይ የሚወጣ ሞተር

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የሱሉልታ መንገድ በድንጋይ ሲዘጋ ሲከፈት በከረመበት ሰሞን ነው። ኡበይድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የሚሸጥበት ግቢ ለሞተሬ ካንዴላ ልገዛ ገብቼ ነበር። አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ከኋላዬ መጡ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ይመስላሉ። የላስቲክ ጫማቸውን ጭቃ በር ላይ ጠርገው ገቡና ሞተሮቹን አንድ በአንድ እየዳበሱ አዩ።

«ርካሽና ቀላል እፈልጋለሁ፤ ለጀማሪ የሚሆን።»

«ለልጅዎ ነው፣ እናቴ?» አለ ኡበይድ።

«ለራሴ ነው። ድንጋይ ላይ የሚወጣ አለህ?»

ኡበይድ አልሳቀም። ከጥግ አንድ ቀጭን ሞተር ጎትቶ አወጣ። ድንጋይና ገደል እየወጡ ለሚወዳደሩበት ስፖርት የተሠራ፣ ትራያል የሚሉት ነው። ፈላጊ ስለሌለው ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር።

«ቢወድቅ ብቻዎን ያነሡታል» አላቸው።

ሴትዮዋ መሪውን ያዙ፤ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ከዚያ መቀመጫውን በእጃቸው ፈለጉ።

«ምጥ የያዛት ሴት የት ትቀመጣለች?»

«ይሄ ሰው አይጭንም። የሚነዳውም ቆሞ ነው።»

እጃቸውን ከሞተሩ አነሡ። «ምጥ የያዛትን ልጄን የጫነው መኪና ድንጋዩ ጋ ቆመ» አሉ። «መንገዱን የዘጉትን ወጣቶች አልወቅስም፤ እነሱም ጓደኛቸውን ቀብረው መምጣታቸው ነበር። ድንጋዩን ሊያነሡልን ሲሯሯጡ ሕይወቷ አለፈ።»

ኡበይድ ረጅም መቀመጫ ያለው ሌላ ሞተር አቀረበላቸው። ሴትዮዋ ከነጂው ቦታ ሳይሆን ከኋላ ወጥተው ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አልወረዱም። ኡበይድም ይውረዱ አላላቸውም።