የታክሲ ውስጥ እንቅልፍ

መስኮት ጥግ የተቀመጠችው ወጣት አዲሱን ስልኳን በሹራቧ እጅጌ ወልወል ታደርገዋለች። የገዛችው ከሥራ ባልደረባዋ ተበድራ ነው። "ደሞዝ ይውጣ እንጂ በማግስቱ እሰጥሻለሁ፤ ሙች ስልሽ!" ብላት ነበር። ደሞዙ ወጣ፤ አዲስ ጫማ ሆነ።

ዛሬ ታክሲው ቆሞ ያቺው ባልደረባዋ ስትገባ ልጅቷ ክው አለች። ስልኩን ጉያዋ ሸጉጣ፣ እግሯን ከወንበሩ ሥር ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"እህት፣ ሂሳብ!" ረዳቱ ትከሻዋን ሊነካት እጁን ዘረጋ።

"ኧረ ተዋት፣ ደክሟት ነው። የሷንም ከዚሁ ቁረጥ" አለችው ባልደረባዋ በሹክሹክታ።

ልጅቷ ዓይኗን እንደጨፈነች ሰማቻት። የተኛ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ያመሰግናል? መውረጃዋ ሲደርስ ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ብሎ ጮኸ። እሷም ዓይኗን ይበልጥ ጨፍና ቤቷን አልፋ ሄደች።