እሺ ያለው ዳኛ

ቀጨኔ መድኃኔዓለም ግድም ያለ አንድ እድር መሪውን «ዳኛ» ይለዋል። ስሙ ለጌጥ አይደለም። ሰውየው ድንኳንና ወንበር ከማስተዳደሩም በላይ ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ለዳኝነት ይሰየማል። የጣሪያ ውሃ በማን ደጅ ይውረድ፣ ለቅሶ ቤት ማን ማንን ሰደበ፣ አጥሩን ማን ገፋው... ፖሊስ ጣቢያ ቢደርስ ዓመት የሚጎተት ነገር እዚያ አግዳሚ ላይ በይቅርታ ወይም በመቀጫ ያልቃል።

ጎሚስታው ለሜሳ በዚህ ወንበር ብዙ ዘመን ቆይቷል። የሚዳኘው ልክ ጎማ እንደሚጠግነው ነው፤ የተነፋውን ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ዝም ብሎ ያያል፣ የሚለጥፈው ከዚያ በኋላ ነው። ባለጉዳዮቹንም የሆዳቸውን እስኪያራግፉ ያናግራቸዋል።

አሁን ግን መውረድ ፈልጓል። ሚስቱ ቦሰና ኩላሊቷን ታማ ጳውሎስ አካባቢ እጥበት ጀምራለች፤ አንዱ ቀጠሮዋ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባለፈው ብቻዋን ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ራሷን ሳተች።

«ለአባላቱ ልንገራቸውና ይተዉኝ» አላት።

«ለእድር ነው ታመመች ብለህ የምትናገረው? በማግስቱ ድንኳኑን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ተው፣ በቁሜ አታስለቅስብኝ።»

ላይናገር ቃል ገባላት።

የምርጫው ሥርዓት ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። በጠቅላላ ጉባኤው አንዱ ይጠቁማል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ከዚያ እጅ ይወጣል። የተጠቆመው ሰው ግን እንቢ ማለት አለበት፤ «ከእኔ የሚሻል ሞልቷል፣ ማሩኝ» ይላል። እንቢ ባለ ቁጥር ይወደዳል፤ ወንበር ያላማረው ሰው አያዳላም ተብሎ ይታመናልና። ከልቡ እንቢ ያለውን ለወጉ እንቢ ካለው የሚለይበት ዘዴ ግን እድሩ የለውም።

ለሜሳም ተጠቆመ።

«እባካችሁ፣ በእውነት አልችልም። ደክሞኛል» አለ።

«ትሕትናውን አየሽልኝ?» አለች አንዷ ከኋላ።

የእድሩ ጸሐፊ ወልዱ ሳቀ። «ጋሽ ለሜሳ፣ ያኔም እንዲሁ ብለውን ነበር። ድጋፍ?»

ለሜሳ ደግሞ ለመነ፤ ለድጋፍ የሚወጣው እጅ ግን በዛ። ምክንያቱን ቢናገር ቃሉን ያፈርሳል፣ ዝም ቢል ቦሰና ቅዳሜን ብቻዋን ናት። ብድግ አለ።

«እሺ፣ ምረጡኝ። እንዲያውም ከእኔ የሚሻል እዚህ አላይም። ሌላ መጠቆምም አያስፈልግ።»

የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

«ወንበሩ ጣመዎት?» አለ ቶሎሳ፣ በአጥር ጉዳይ ለሜሳ የቀጣው ሸማኔ።

«ጣመኝ።»

ቀጥሎ ሽሮ ሜዳ ጋቢ የምትነግደው ሶፍያ ተጠቆመች። «ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ተዉኝ» እያለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በሙሉ ድምፅ ተመረጠች።

ቅዳሜ ባልና ሚስት ቁልቁለቱን ሲወርዱ አዲሷ ዳኛ ተሰይማለች። ድሮ ለለሜሳ ከመቀመጫቸው ይነሡ የነበሩት ሰዎች አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

«ጋሽ ለሜሳ፣ ይግባኝ ሊሉ ነው?» አለ ቶሎሳ፤ አግዳሚው ሳቀ።

አለፍ ሲሉ ቦሰና «ምን አድርገሃቸው ነው?» አለች።

«ምረጡኝ አልኳቸው።»

ቆመች። «በአፍህ?»

«በአፌ።»

ሳቋ መጣና ግድግዳ ተደገፈች። እስኪያልፍላት ጠበቃት፤ ከዚያ ክንዷን ይዞ ወደ ታክሲው ወረዱ።