በትውልድ አገሬ የቀደመችኝ

ከጎጃም የመጣችው ነርስ ጤና ጣቢያችን ከገባች ሁለት ዓመት ሳይሞላት ከእኔ የተሻለ ኦሮምኛ ትናገር ነበር። እኔ የተወለድኩት ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ነው። እዚያው አድጌ፣ እዚያው ተምሬ፣ ነርስ ሆኜ የተቀጠርኩትም ከጅማ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ ትንሽ የቡና ከተማ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቅናቴ ከየት እንደመጣ እንዲታወቅልኝ ነው።

ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነበር። አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። ጎረቤቶቻችን እርስ በርስ በኦሮምኛ ሲጫወቱ ቆይተው እኛ ብቅ ስንል ወደ አማርኛ ይመልሱታል። እኛም ያንን እንደ ደንብ ቆጥረነው ኖርን። እኔ የማውቀው የገበያ ኦሮምኛ ነበር፤ ሰላምታ፣ የአትክልት ስም፣ ዋጋ መጠየቅ፣ ቀንሱልኝ ማለት። ሥራ ስይዝም አልተቸገርኩም። አማርኛ የማይችል ታካሚ ሲመጣ የጽዳት ሠራተኛዋን እጠራለሁ፣ እሷ መጥረጊያዋን በር ላይ አስደግፋ ትገባና ትተረጉምልኛለች። አሥር ዓመት እንዲህ ሠራሁ።

ልጅቱ ስትመጣ በከተማው ዘመድም ወዳጅም ስላልነበራት፣ ኃላፊያችን ከተከራየሁት ቤት አንዱን ክፍል እንዳካፍላት ለመነኝ። በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ። ቀጭን ናት፣ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ድንች እየላጥን ሳለ፣

“ሲስተር፣ ቋንቋውን በስንት ጊዜ ለመድሽው?” አለችኝ።

“እኔማ የተወለድኩበት ነው” አልኳት።

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። ጥያቄዋ ደስ ስላለኝ ከዚያ በላይ ላብራራላት አልፈለግሁም።

ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ለሁለት አጥፋ በጋዋኗ ኪስ ይዛ ትዞራለች። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ወጥታ ከተራ ጠባቂ ሴቶች ጋር አግዳሚው ላይ ትቀመጥና ይህ ምን ይባላል፣ ያ ምን ይባላል እያለች ትጠይቃለች። ጥበቃውን ትጠይቃለች፣ ጋሪ ነጂውን ትጠይቃለች፣ የአከራያችንን ልጆች ሳይቀር ታስቆማለች። የምትናገረው ሁሉ የተሰበረ ነበር። አብሬያት ስሆን የማፍረው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ደም ግፊት ያለባቸው አንዲት አሮጊት መጡ። እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል። ልጅቱ መተኛት እንዳለባቸው ልትነግራቸው ፈለገች። በኦሮምኛ መተኛት “ረፉ” ነው፤ ድምፁ ትንሽ ረዘም ካለ ግን “ራፉ” ይሆንና ጎመን ማለት ነው። ለትልቅ ሰው የሚነገርበትን የአክብሮት አነጋገር እንኳ ገና አልለየችም፤ ፊታቸው ቁጭ ብላ ረጋ ባለ ድምፅ፣ “ራፉ ቀብዳ” አለቻቸው። መተኛት አለብሽ ማለቷ ነበር። “ቀብዳ” ግን አለሽም ማለት ስለሆነ፣ አሮጊቷ የሰሙት ጎመን አለሽ የሚል ነው። ግራ ገብቷቸው አዩአትና አዎ፣ ጓሮዬ ሞልቷል ብለው መለሱ። እሷም የገባቸው መስሏት ራሷን ነቀነቀች።

እኔ አጠገባቸው መዝገብ እየጻፍኩ ነበር። የአትክልት ስም አውቃለሁ ብያለሁ፤ ስህተቱ ወዲያው ገብቶኛል። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ለሁሉም አወራሁት። ሳቅንባት። እሷም ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ጥበቃውን “እስቲ አንዴ በልልኝ” አለችው። ያን ቀን ማታ እራት እስኪደርስ ድረስ ረፉ፣ ራፉ፣ ረፉ፣ ራፉ ስትል ቆየች። በሳምንቱ አሮጊቷ አንድ እቅፍ ጎመን ይዘውላት መጡ። ከጎመኑ እኔም በላሁ።

ነገሩ መቀየር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሴቶቹ በእኔ በር በኩል አልፈው የእሷ በር ላይ ይሰለፉ ጀመር። ካርዱ ወደ እኔ ክፍል ሲመራቸው “ቀጭኗ ትየን” ይላሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር ለእኔ በአስተርጓሚ ያልነገረችኝን ነገር ለእሷ ስትነግራት በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ባሏ እንደሚመታት ነበር የምትነግራት። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ ግማሹ ሳይገባኝ ቆምኩ። ለሴትየዋ ከማዘኔ በፊት የቀደመኝ ስሜት፣ ይህ ለእኔ ነበር መነገር ያለበት የሚል ነው። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን ያን ቀን አወቅሁ።

ሰው ስለ እሷ ሲያነሳ “ተሰጥኦ ነው” እል ነበር። “አንዳንድ ሰው ጆሮው ይለያል።” ይህ ቃል በጣም ይመቸኝ ነበር። ተሰጥኦ ከሆነ እኔ የጎደለብኝ ነገር የለም ማለት ነው፤ ፈጣሪ ለእሷ ሰጠ፣ ለእኔ አልሰጠም፣ አለቀ።

የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ ለቀማው ቦታ ድረስ እየሄደ እናቶችንና ሕፃናትን የሚከታተል ቡድን ተቋቋመ። አስተባባሪነቱን እጠብቅ ነበር፤ በአገልግሎት እቀድማለሁ። ኃላፊው ቢሮው አስጠርቶኝ ወንበር ሳበልኝ። ወንበር መሳቡን ሳይ ነገሩ ገባኝ።

“በልምድ አንቺን የሚያህል የለም” አለኝ። “ግን እዚያ አስተርጓሚ ይዞ መዞር አይሆንም። ለእሷ ሰጥተናታል። አንቺ አትከፊም ብለን ነው።”

“ለምን እከፋለሁ?” አልኩት።

ቤት ገብቼ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። እሷ በማግስቱ ከቡድኑ ጋር ወጣች፣ እኔ ደግሞ ክፍሏ ገባሁ። ዕቃ ፍለጋ ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ የገባሁት ግን ደብተሯን ለማየት ነው። አንድ አልነበረም። አራት ነበሩ፣ ጠርዛቸው ተበልቶ። በቀኙ ገጽ ቃላት፣ በግራው ገጽ በቀይ ስክሪብቶ የቀኑ ስህተቶች። ከሥር አንዳንድ መስመር አለ። “ዛሬ ሦስቴ ተሳቀብኝ።” “ዛሬ አንዴ ብቻ።” “ዛሬ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ነገ የክትባት ቃላት።” ገጽ እያገላበጥኩ ተሰጥኦውን ፈለግሁት። የለም። ያለው ስህተት ነው፣ ቀን በቀን የተለቀመ ስህተት። የጎመኑን ቀንም አገኘሁት። “ሲስተር አጠገቤ ነበረች። ምናልባት አልሰማች ይሆናል” ይላል።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ተሰጥኦ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ይህ ግን እኔም የምችለው ነገር ነበር፣ ከእሷ በፊት፣ ዕድሜዬን ሙሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ሆኖ ተመለሰች። ውሃ እየቀዳሁላት፣

“ደብተርሽን አነበብኩት” አልኳት።

እግሯን መታጠብ አቆመች።

“የጎመኑን ቀን ሰምቼሽ ነበር።”

“አውቃለሁ” አለች። “ግን ሰምታለች ብዬ ከጻፍኩ አብሬሽ መኖር አልችልም።”

እግሯን እንደገና ማሸት ጀመረች።

“ቀንተሽብኝ ነበር?” አለችኝ።

“አሁንም።”

“እኔም እኮ እቀናብሻለሁ። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ እናትሽ ጋ ትሄጃለሽ። እኔ የተማርኩት ጎብዤ አይደለም፤ የማዋራው ሰው ስላጣሁ ነው።”

አንድ ቤት አብሬያት እየኖርኩ የማዋራው ሰው አጣሁ አለችኝ። ፎጣ አቀበልኳት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሄርማታ እናቴ ቤት ስደርስ፣ ከመግባቴ በፊት ወደ ጎረቤታችን ቤት ጎራ አልኩ። ሙስሊም ባልቴት ናቸው፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ያውቁኛል። በሩ ላይ ቆሜ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው፣ ስለ ጉልበታቸውም ጠየቅሁ። እንግዳ ሰው ሲሳሳት ይሳቅለታል፤ የአገሩ ልጅ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ስትሳሳት ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር።

“አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ ግቢ ልጄ” አሉኝ፣ በአማርኛ።

“በኦሮምኛ ይመልሱልኝ” አልኳቸው።

ግራ ገባቸው። “ለምን? ተጣላን እንዴ?”

“አልተጣላንም። መማር ፈልጌ ነው።”

አማርኛውን የለመዱት ለእኛ ሲሉ ስለነበር፣ አሁን እሱን መተው ክብሬን መቀነስ መሰላቸው። አግባባኋቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር እየቆራረጡ፣ ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ። ግማሹ አመለጠኝ። ሦስት ጊዜ አረሙኝ፣ አንዴ ደግሞ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ፣ ግን አልወጣሁም።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ልጅቱ ወደ ጅማ ተዛውራ በትልቅ ሆስፒታል ትሠራለች። እኔ እዚያችው ጤና ጣቢያ ነኝ። የጽዳት ሠራተኛዋን የምጠራው አልፎ አልፎ ነው፤ አነጋገሬ ግን አሁንም ይሰበራል፣ ወጣቶቹ ነርሶች ሲሰሙኝ ይተያያሉ። ልጅቱ ስትደውል በኦሮምኛ ነው የምናወራው። እሷ ትፈጥናለች፣ እኔ ቃል እየፈለግሁ እዘገያለሁ፣ እሷ ትጠብቀኛለች። ስትጠብቀኝ ያ የድሮው ቅናት ይመለስብኛል። ቃሉን ካገኘሁት በኋላ እቀጥላለሁ።